ከወተት ወደ ጽኑ ምግብ፦ እምነት በመከራ ጊዜ እንዴት ይጎለምሳል?



ክህነት ከተቀበልሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በማገለግልበት ቁምስና አንዲት እናት በስደት መንገድ ላይ የሞተውን የልጃቸውን መርዶ ሰሙ። ልጁ ከሀገሩ የወጣው ቤተሰቡን ለመርዳት ነበር፤ አስከሬኑ እንኳ አልተመለሰም። ለቅሶ ስደርስ እናትየው መስቀሉን ተሳልመው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «አባ፣ መጸለይ አቃተኝ። አባታችን ሆይን እጀምራለሁ፤ ስለ ፈቃዱ የምንለምንበት ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል» አሉኝ። እኔም ከዘርአ ክህነት ይዤው የወጣሁትን መልስ ፈጥኜ ሰጠኋቸው፦ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እናቴ፤ ይጽናኑ፤ እምነትዎን ያበርቱ» አልኋቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ አባ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ እሑዶች በቅዳሴ ላይ አላየኋቸውም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ስሕተቴን ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ከእኚያ እናት የጠየቅሁት መንፈሳዊ ብስለትን ነበር፤ የጠየቅሁትም እንደ ትእዛዝ ነው። ብስለት ግን በትእዛዝ አይመጣም። መከራ ስለ ደረሰብንም ብቻ አይመጣም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ መከራ የክርስቲያንን እምነት የሚያሳድገው መቼና እንዴት እንደ ሆነ፣ የደረሰ እምነትም በምን እንደሚታወቅ በቅዱስ መጽሐፍና በሁለት የእምነት አባቶቻችን ሕይወት ብርሃን እንመለከታለን።

1. መከራ ብቻውን አያጎለምስም

ለዕብራውያን የተላከው መልእክት ጸሐፊ አንባቢዎቹን ሳይሸሽግ ይወቅሳቸዋል። በክርስትና ከቆዩበት ዘመን አንጻር ለሌሎች መምህራን ሊሆኑ ሲገባቸው፣ ገና እንደ ሕፃን ወተት የሚፈልጉ፣ ጽኑ ምግብ የማይችሉ ሆነዋል ይላቸዋል (ዕብ 5፥12-14)። ይህን ንባብ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በዚያው መልእክት ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ግን ከዚህ ጋር አያይዘን የምናነበው ጥቂቶች ነን። በዚያ ስፍራ ጸሐፊው ስለ እነዚሁ ሰዎች ሲናገር፣ ቀደም ባለው ጊዜ በአደባባይ እንደ ተሰደቡ፣ ለታሰሩት እንደ ራሩ፣ ንብረታቸው ሲዘረፍም በደስታ እንደ ታገሡ ያስታውሳቸዋል (ዕብ 10፥32-34)።

ሁለቱን ንባቦች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። እነዚህ ክርስቲያኖች መከራ አልጎደለባቸውም፤ እንዲያውም በጀግንነት ተቀብለውት ነበር። ሆኖም በዚያ ጽናት ላይ ሌላ አልጨመሩበትምና እንደ ሕፃናት ሆነው ቀሩ። ጸሐፊው የበሰሉ ሰዎችን ሲገልጽ ብዙ መከራ ያዩ አይላቸውም። መልካሙንና ክፉውን ለመለየት ልቡናቸው በልምምድ የሠለጠነ እንደ ሆነ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ስለ ተሠቃየ ብቻ በመንፈስ አድጓል ማለት አንችልም። በመከራ የለሰለሰ እንዳለ ሁሉ በመከራ የመረረም አለ።

ይህንን የሸክላ ሠሪዎቻችን ሥራ በግልጽ ያሳየናል። እንስራም ሆነ ጀበና ተሠርቶ እንዳለቀ ወዲያውኑ ወደ እሳት አይገባም። በመጀመሪያ በጥላ ሥር ቀስ እያለ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ውስጡ እርጥበት ይዞ እሳት የነካው ሸክላ ይሰነጠቃልና። አንዱን የሚያጠነክረው እሳት ሌላውን የሚሰብረው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፈ ሲራክም የሸክላ ሠሪውን ዕቃ እቶን እንደሚፈትነው ያስተምረናል (ሲራክ 27፥5)። ልዩነቱን የሚያመጣው ከእሳቱ በፊት የተደረገው ዝግጅት ነው። በሰላም ጊዜ ያልጸለየ ሰው በመከራ ጊዜ ጸሎትን እንደ አዲስ ቋንቋ ለመማር ይገደዳል። በጤና ጊዜ ከቅዱስ ቁርባንና ከምስጢረ ንስሐ የራቀም ሰው በሕመሙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ መንገዱ ይርቅበታል። የእግዚአብሔር ቸርነት በማንኛውም ሰዓት የሚደርስ ቢሆንም፣ ምእመናንን በደጉ ቀን ማዘጋጀት የእኛ የካህናትና የመምህራን ግዴታ ነው።

2. ሦስት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

ቅዱስ ያዕቆብ የእምነት መፈተን ትዕግሥትን እንደሚያስገኝ፣ ትዕግሥትም ሥራውን ሲፈጽም ሰው ምሉዕ እንደሚሆን ይነግረናል (ያዕ 1፥2-4)። ቅዱስ ጳውሎስም ከመከራ ወደ ትዕግሥት፣ ከትዕግሥት ወደ ተፈተነ ጠባይ፣ ከዚያም ወደ ተስፋ የሚወስደውን መሰላል ያሳየናል (ሮሜ 5፥3-5)። ይሁን እንጂ በዚህ መሰላል እንዳንወጣ የሚያሰናክሉን ሦስት አስተሳሰቦች በመካከላችን ይገኛሉ።

የመጀመሪያው መከራን ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አድርጎ መቁጠር ነው። ልጅ ታሞ ሲወለድ ወይም ቤት ሲቃጠል «ምን በድለው ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ እንሰማለን። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጌታችን ግን የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት ምክንያት እንዳልሆነ መልሶላቸዋል (ዮሐ 9፥1-3)። የኢዮብ ጓደኞችም ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ብዙ ተናገሩ፤ በመጨረሻ ግን ቅን ነገር ያልተናገሩት እነርሱ እንደ ሆኑ፣ የጮኸውና የተሟገተው ኢዮብ ግን ቅን እንደ ተናገረ እግዚአብሔር ራሱ ፈረደ (ኢዮ 42፥7)።

ሁለተኛው «በእውነት የሚያምን ሰው አይታመምም፣ አይደኸይም» የሚለው ትምህርት ነው። ይህ ስብከት በተለይ ሥራ ያጡ ወጣቶችንና በጽኑ ደዌ የተያዙትን ይስባል። ተስፋው ሳይፈጸም ሲቀር ግን ድሃው በድህነቱ ላይ የእምነት ጎዶሎ ተብሎ ሁለተኛ ሸክም ይጫንበታል። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ መውጊያው ሳይወገድ ጸጋው ተሰጠው (2ቆሮ 12፥7-9)። እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ማን ነው?

ሦስተኛው አስተሳሰብ እኔ ራሴ በዚያ ለቅሶ ቤት የወደቅሁበት ነው፤ ይኸውም የደረሰውን ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ መዝጋት ነው። ልጆቻችንን በበረሃና በባሕር የሚበላቸው የሰው ስስት፣ የደላላ ጭካኔና የሥራ እጦት እንጂ የእግዚአብሔር ምኞት አይደለም። እግዚአብሔር ክፉውን ወደ መልካም ይመልሰው ዘንድ ይችላል፤ ይህ ማለት ግን ክፉው መልካም ነበር ማለት አይደለም። ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቢሆን ኖሮ ጌታችን ድውያንን ባልፈወሰ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ ሰው ልጅ መከራ እ.ኤ.አ. የካቲት 1984 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ከክርስቶስ መስቀል ጋር ስለ ተባበረ መከራ በሰፊው ካስተማሩ በኋላ፣ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ማንሣታቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሌላው ሰው መከራ በእኛ ውስጥ ፍቅርን ሊቀሰቅስ ይገባዋል። በራሴ መከራ መታገሥ እንዳለብኝ ሁሉ፣ ወንድሜ ሲሠቃይ እያየሁ ዝም ማለት አይገባኝም።

3. ሁለት ምስክሮች

በአንዳንድ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች አዲሱ ዕቃ እሳትን እንዲችል የተሰበረ ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር ይቀላቅላሉ። ቀድሞ በእሳት ያለፈው ስባሪ ለአዲሱ ኃይል ይሆነዋል። የቅዱሳንን ሕይወት የምናስታውሰውም ለዚሁ ነው።

ብፁዕ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው በደዌ ምክንያት አንድ ዓይናቸውን አጡ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኰሱ፤ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወሩ እውነትን በብርቱ ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከላኩት መልእክተኞች ጋር ሲጓዙ አቡነ ያዕቆብን በቅርብ ዐወቁ፤ እስከ ሮማም አብረው ደረሱ። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ግን ወዲያው አልነበረም። ሲያጠኑና ሲጸልዩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1844 ገቡ፤ ክህነት የተቀበሉትም በ1851 ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ታሰሩ፤ እምነታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ፤ ተገረፉ። ሞት ተፈርዶባቸው ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥም፣ በሰንሰለት ታስረው ሠራዊቱ በሚሄድበት ሁሉ ሲንገላቱ በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

በመምህራቸው በቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ ተብለው በሚታወቁት አባት ሕይወትም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1800 በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ ተወለዱ፤ በ1839 ወደ ሀገራችን መጡ። የሕዝቡን ልብስ ለበሱ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ የግዕዙን ሥርዐት አከበሩ። ጵጵስና የተቀበሉት በ1849 በምፅዋ በምስጢር ነበር። ተሰደዱ፤ በጎንደር ታሰሩ፤ የሰበሰቧቸው ምእመናን ተበተኑ፤ ልጃቸው ገብረ ሚካኤልን በሰማዕትነት አጡ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 በጉዞ ላይ ሳሉ ዐርፈው በሄቦ ተቀበሩ። ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን ያወጁት በ1975 ነው።

ያ ዘመን በክርስቲያኖች መካከል የክርክርና የመለያየት ዘመን ነበር። ይህን ስናስታውስ የማንንም ቁስል ለመቀስቀስ ወይም በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር አንዲት ጥምቀት ታገናኘናለች። እኛ እዚህ ልንማር የሚገባን ስለ ጊዜ ነው። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ውስጥ የጸኑት በሰንሰለቱ ቀን በድንገት ኃይል ተሰጥቷቸው ብቻ አልነበረም። ዐርባ ዓመት ያህል ሲማሩ፣ ሲጾሙ፣ ሲጠይቁ፣ ሲሳሳቱና ሲታረሙ ኖረዋል። አቡነ ያዕቆብም 21 ዓመት ከደከሙበት ሥራ ሲሞቱ ያዩት ፍሬ ጥቂት ነበር፤ ይሁን እንጂ የጌታን እርሻ ትተው አልሄዱም። እግዚአብሔር በሰው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

4. የበሰለ እምነት ምልክቶች

ታዲያ በመከራ ውስጥ እያደግን መሆናችንን በምን እናውቃለን? አራት ምልክቶችን እናንሣ።

ሀ) እውነተኛ ጸሎት። የበሰለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የደስተኛን ሰው ገጽ አይዋስም። መዝሙረ ዳዊት 22 (በግዕዙ 21) የተተወ ሰው ጩኸት ነው፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ጸልዮታል። በጌቴሴማኒም ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ እንጂ ሥቃዩን አልካደም (ማር 14፥36)። ወደ አባቱ ፈቃድ የደረሰው በላብና በጭንቀት ውስጥ አልፎ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስ እምነት ማጣት አይደለም፤ ወደ እርሱ ማልቀስ ራሱ ጸሎት ነውና። ጸሎት ደርቆ ምንም የማይሰማን ጊዜም አለ። ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል እ.ኤ.አ. በ1577 በገዛ ማኅበሩ ወንድሞች እጅ በቶሌዶ ታስሮ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ወር ያህል ተሠቃይቶ ነበር። በኋላ እንዳስተማረው፣ ነፍስ ጨለማ ውስጥ የገባች በሚመስላት ጊዜ እግዚአብሔር ከስጦታዎቹ ይልቅ ራሱን እንድትፈልግ ያሠለጥናታል።

ለ) ይቅርታ። መከራ ያልበሰለውን ሰው ሒሳብ የሚቆጥር ያደርገዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ቆሰሉ፤ በ1983 መጨረሻ ደግሞ ያቆሰላቸውን ሰው እስር ቤት ድረስ ሄደው ጎበኙት። ስለ መከራ የጻፉት መልእክት የወጣው ከዚህ ጉብኝት ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ይቅርታ ፍትሕን አያስቀርም፤ ሰውየው በእስር ቤት ቆይቷል። ጥላቻ በልባቸው እንዳይነግሥ ግን አደረገ።

ሐ) ሌላውን ማጽናናት። ቅዱስ ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል መሆኑን ይገልጻል (2ቆሮ 1፥3-4)። «ለምን በእኔ ላይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ባያገኝም፣ «አሁን ማንን ልርዳ?» ወደሚለው ማለፍ ሲጀምር እምነት ጽኑ ምግብ መብላት ጀምሯል።

መ) ተስፋ። ተስፋ ነገሮች ሁሉ በቶሎ ይስተካከላሉ ብሎ መገመት አይደለም። ተስፋችን የተሰቀለውና የተነሣው ጌታ ነው። ከሞት የተነሣው ሥጋው የችንካሩን ምልክት እንደ ያዘ ለደቀ መዛሙርቱ ታየ (ዮሐ 20፥27)። ቁስላችን ላይጠፋ ይችላል፤ በእርሱ ግን ይከብራል።

5. ለመምህራንና ለቤተሰብ ጥቂት ምክር

መከራ ወደ ደረሰበት ቤት ስንሄድ ከማስረዳት በፊት እንቀመጥ። የኢዮብ ጓደኞች ያደረጉት መልካም ነገር አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀን አብረውት በምድር መቀመጣቸው ነበር (ኢዮ 2፥13)። ልጆችን ለቅዱስ ቁርባን ስናዘጋጅ የምስጋና መዝሙር ብቻ ሳይሆን የልቅሶ መዝሙርም እናስተምራቸው፤ ነገ ያስፈልጋቸዋል። የታመሙትን ምስጢረ ቀንዲል እንዲቀበሉ በጊዜ ካህን እንጥራ፤ ምስጢሩ ለሚያጣጥር ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ራሱን መቋቋም ያቃተውን፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣውን ሰው ወደ ሐኪም መውሰድም ከእምነት ማነስ አይቆጠር። በየቤታችንም አጭር ቢሆን የማይቋረጥ የማታ ጸሎት ይኑረን።

መደምደሚያ

በመግቢያዬ ስለ ጠቀስኋቸው እናት ልጨርስ። እሳቸውን ወደ ጸሎት የመለሳቸው የእኔ ንግግር አልነበረም። የቁምስናው የእናቶች ማኅበር አባላት በየቅዳሜው ወደ ቤታቸው እየሄዱ ቡና አፍልተው መቁጠሪያ ይደግሙ ነበር። እሳቸው ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ማንም «እርስዎም ይድገሙ» አላላቸውም። እነርሱ ስለ እሳቸው ይጸልዩ ነበር። ከብዙ ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሦስተኛውን ምስጢር ሳይጠየቁ ራሳቸው ጀመሩት። በተከታዩ ዓመት በሌላ ቤት መርዶ ሲነገር ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «መልስስ አላገኘሁም አባ» አሉኝ፤ «ግን ብቻዬን አልነበርሁም።»

ከዘርአ ክህነት የተማርሁትን ትምህርተ መለኮት አልናቅሁም፤ ከእኚህ እናት በኋላ ግን የበለጠ ገባኝ። እግዚአብሔር ለመከራችን የሰጠው መልስ አማኑኤል ነው፤ ይኸውም ከእኛ ጋር መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የተጠራችው በዚሁ መልክ ከሚሠቃዩት ጋር እንድትሆን ነው። እርሱ የጀመረውን ሥራ በእያንዳንዳችን ይፈጽም ዘንድ፣ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በአባቶቻችን ጸሎት ይርዳን። አሜን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዕብ 5፥12-14ንና ዕብ 10፥32-34ን አብራችሁ አንብቡ። መከራ ተቀብሎ ሳያድጉ መቅረት እንዴት ይሆናል?
2. ከሦስቱ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች በአካባቢያችን በብዛት የሚሰማው የትኛው ነው? በየዋህነት እንዴት ልናርመው እንችላለን?
3. ከብፁዕ ገብረ ሚካኤልና ከአቡነ ያዕቆብ ሕይወት ስለ ትዕግሥት ምን ትማራላችሁ?
4. በቁምስናችን በዚህ ወር ብቻውን የተቀመጠ ሐዘንተኛ፣ በሽተኛ ወይም ልጁ በስደት ላይ ያለበት ቤተሰብ አለ? ማን፣ መቼ ይጠይቀዋል?